የቅባት አዝርዕትና የደም ሥሮቻችን ጤና

በዐቢይ ጾም ወራት እናቶቻችን ሰሊጡን፣ ኑጉንና ተልባውን ቆልተው ሲወቅጡ፣ ሱፉንም ፈጭተው በውሃ ሲያጠልሉ፣ ሐሳባቸው ሕገ ጾሙ ሳይፈርስ ቤተ ሰቡ የሚጠግብበትን ፍትፍት ማቅረብ ነው፤ ሆኖም ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል በተከለከሉበት በዚያ ማዕድ ላይ፣ የሥነ ምግብ ሊቃውንት የዕፀዋት ስቴሮል ብለው የሚጠሩት፣ ለደም ሥር የሚበጅ ንጥረ ነገር ከእህሉ ጋር ሳይታወቅ ይቀርባል።

ኮሌስትሮል የእንስሳትን ሕዋሳት ሽፋን እንደሚያጸና ሁሉ፣ በዕፀዋት ዘንድ ይህንኑ ግብር የሚፈጽመው ስቴሮል ነው። ሁለቱ በባሕርይ እጅግ የተቀራረቡ በመሆናቸው፣ ከምግብ የተገኘውም ሆነ ጉበት ከሐሞት ጋር ያፈሰሰው ኮሌስትሮል ከአንጀት ወደ ደም ለመሻገር ሲሰናዳ፣ ስቴሮሉ በጠባብ ታንኳ ላይ ቀድሞ እንደ ተሳፈረ መንገደኛ ስፍራውን ይይዝበታል፤ ስፍራ ያጣውም ኮሌስትሮል ከዓይነ ምድር ጋር ይወገዳል። ስቴሮሉ ራሱ ግን ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ የገባውንም ሰውነት ፈጥኖ ያስወጣዋል።

ፊንላንዳውያን፣ የልብ ሕመም ጸንቶባት በኖረች አገራቸው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ከዕፀዋት ስቴሮል የተዘጋጀውን ስታኖል ከማርጋሪን ጋር አዋሕደው ለገበያ አቀረቡ፤ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረገውም ምርምር፣ በየቀኑ 2 ግራም ያህል ስታኖል ወይም ስቴሮል የሚመገብ ሰው ጎጂ የተባለው ኮሌስትሮሉ ከመቶ 8 እስከ 10 እጅ ያህል ዝቅ እንደሚልለት አሳይቷል።

እዚህ ላይ ግን ልክን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ከዕለት ምግቡ የሚያገኘው ስቴሮል በአብዛኛው ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ነው፤ ከአዝርዕት ሁሉ በስቴሮል ሀብታም ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሰሊጥ እንኳ በ100 ግራም ውስጥ የሚይዘው 400 ሚሊግራም ገደማ ስለ ሆነ፣ 2 ግራሙን ከእርሱ ብቻ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ግማሽ ኪሎ መብላት ይኖርበታል። ስለዚህ ሰሊጥን እንደ መድኃኒት የሚያወድሱትን አልከተልም። እኔ የማመሰግነው ማዕዱን በሙሉ ነው፤ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ለውዙና ጎመኑ ጥቂት ጥቂት ስቴሮል ያዋጣሉ፤ ከአሰሩና ከማይረጋው ቅባት ጋር ተባብረው ቅቤውን በተኩ ጊዜም ጥቅማቸው ከአንዱ ንጥረ ነገር ብቻ ከሚጠበቀው ይልቃል።

የጾሙ ወጥ በየከተማው በሚረጋው የፓልም ዘይት ሲሠራ ሳይ የማዝነውም ስለዚህ ነው፤ የፓልም ዘይት ከሰሊጥ ዘይት ጋር ሲነጻጸር በስቴሮል ድኃ፣ በሚረጋ ቅባት ግን ባለጸጋ ነውና። የኑግ ዘይት በዋጋ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ሆኖም ጥቂት ተልባ ወይም ሰሊጥ ወቅጦ ለማባያ ማቅረብ ለብዙ ቤት የሚቻል ነው።

ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለት ሰው በምግብ ተማምኖ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ አይገባም፤ ስቴሮል ኮሌስትሮልን ዝቅ ማድረጉ ቢታወቅም፣ ድንገተኛውን የልብ ሕመም በራሱ እንደሚከላከል በቀጥታ አልተረጋገጠምና። በዘር በሚወረስ ብርቅ ሕመም ምክንያት ስቴሮሉ በደማቸው የሚከማችባቸው ጥቂት ሰዎችም አሉ፤ እነዚህ ሰሊጡንም፣ ለውዙንም፣ የዕፀዋት ዘይቱንም የሚመገቡት ሐኪም በወሰነላቸው ልክ ነው።