መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚያደርገው ጉዞ

ሞያሌ በድንበር መስመር ተከፍላ አንዱ ወገኗ በኬንያ፣ ሌላው በኢትዮጵያ የሚገኝ ከተማ ናት። በኢትዮጵያ ጫት የሚባለው ቅጠል በኬንያ ሚራ ይባላል፤ ድንበሩ ስሙን እንጂ ቅጠሉን አልለወጠውም። ከነዋሪዎቿ አንዱ ቁስል አመርቅዞበት፣ አምፒሲሊን ታዞለት፣ ጫቱን እየቃመ እንክብሉን ዋጠ እንበል። መድኃኒቱ ምን ያህል ይሠራለታል?

የተዋጠ መድኃኒት በጨጓራ ውስጥ ይሟሟል፤ በትንሹ አንጀት ግድግዳ በኩልም ወደ ደም ይገባል። ይህ ደም አስቀድሞ በጉበት ያልፋል፤ ጉበትም ከብዙዎቹ መድኃኒቶች ከፊሉን ይለውጣል። የተረፈው በልብ ግፊት ወደ መላ አካል ይሠራጫል፤ ኋላም አብዛኛውን ጊዜ በኩላሊት ተጣርቶ ከሽንት ጋር ይወጣል። አምፒሲሊን ከደም ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ስለሚወገድ ብዙውን ጊዜ በየ6 ሰዓቱ እንዲወሰድ ይታዘዛል።

ጫት የሚያሰናክለው የጉዞውን መጀመሪያ ነው። በየመናውያን ላይ ተደርጎ በ1997 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ጫት እየቃሙ አምፒሲሊን የዋጡ ሰዎች ወደ ደማቸው የገባው መድኃኒት አነስተኛ ነበር። ቅሙ ካበቃ ከ2 ሰዓት በኋላ ሲዋጥ ግን ይህን ያህል ቅናሽ አልታየም። ለዚህ ምክንያት ሳይሆን የማይቀረው በጫት ውስጥ የሚገኘው ታኒን ነው፤ ከመድኃኒቱ ጋር ተጣብቆ አንጀትን እንዳይሻገር ያግደዋል።

እንግዲህ ቁስሉ ሳይድን ቢቀር በሽተኛው መድኃኒቱን ይወቅሳል። ሐኪሙም መቃሙን ካልሰማ ሌላ መድኃኒት ያዝለት ይሆናል።