ያውቁ ኖሯል? የማይክሮፎን ብረት ለጌጥ ብቻ አይደለም

በእጅዎ የሠሩትን የስቱዲዮ ኮንደንሰር ማይክሮፎን የብረት አካሉን ሳያለብሱ ቢያበሩት፣ ከድምፅዎ ቀድሞ የሚሰማዎት የመብራት መስመር እምምታ ነው።

ብረቱ የኤሌክትሪክ ጋሻ ነው። ድምፅ የሚቀበለው ወርቅ የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ 6 ማይክሮን ያህል ቢወፍር ነው፤ የራስ ፀጉርዎ ከእሱ አሥር እጥፍ ገደማ ይወፍራል። ፕላስቲኩ ሊሰጥ የሚችለው የኤሌክትሪክ ፍሰትም እጅግ ጥቂት በመሆኑ 1 ጊጋኦም ከሚደርስ ሬዚስተር ጋር ይያያዛል። እንዲህ ያለ ሰርኪዩት ታዲያ የግድግዳውን 50 ኸርዝ ሳይቀር እንደ አንቴና ይለቅማል። አናቱ ላይ ያለው የሽቦ ወንፊትም ድምፁን ያሳልፋል፣ የኤሌክትሪኩን ጫጫታ ያስቀራል።

የናስ ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ ቶርኖ ቤት ወስደው የሚያስቆርጡ ሠሪዎችን ብዙ ጊዜ የምታታልላቸው ግን ቀለም ናት። ወንፊቱና ቱቦው በሚገናኙበት ከንፈር ላይ ትንሽ ቀለም ከቀረች ጋሻው ይቋረጣል። ስለዚህ ያንን ከንፈር በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ብረት ከብረት ያነካካሉ፤ አካሉንም ከኤክስኤልአር መሰኪያው 1ኛ እግር ጋር ያገናኙታል። በባዶ ጣት ሰርኪዩቱን መንካትም አይወዱም፤ የላብ እርጥበት ብቻውን ማይክሮፎኑን ያንጫጫዋል።