የሲጋራ ጢስና ኤስትሮጅን፦ በሳንባ ውስጥ የሚገናኙበት መንገድ



ሲጋራ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በዚህ አዳራሽ የሚጠራጠር ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል፣ በአሜሪካ ደግሞ ኧርነስት ዊንደርና ኢቫርትስ ግራሃም ጥናቶቻቸውን ካሳተሙ ወዲህ ማስረጃው ከዓመት ወደ ዓመት እየጠነከረ ሄዷል። የዛሬው ንግግሬ ብዙ ጊዜ በማይነሣ አንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፦ ጢሱ ሳንባ ሲደርስ በዚያ የሚያገኘውን ኤስትሮጅን ምን ያደርገዋል?

ኤስትሮጅንን ስናስብ ወደ አእምሯችን የሚመጡት ጡትና ማሕፀን ናቸው። ሆኖም የሳንባ ሕዋሳትም የኤስትሮጅን ተቀባዮች አሏቸው። በተለይ ቤታ የተባለው ተቀባይ በሴቶችም በወንዶችም የሳንባ ዕጢዎች ውስጥ ይገኛል። ሌሎች ሆርሞኖችን ወደ ኤስትሮጅን የሚለውጠው አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይምም በብዙዎቹ ዕጢዎች ውስጥ ይሠራል። ስለዚህ ጉዳዩ የሴቶች ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ አጭሰው ከማያውቁ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን መካከል የሚበዙት ሴቶች መሆናቸው ተመራማሪዎችን ወደዚህ ሆርሞን እንዲያዩ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ሕዋሱ ውስጥ እንግባ። በሲጋራ ጢስ ውስጥ ካሉት ካንሰር አምጪ ውሕዶች አንዱ ቤንዞፓይሪን ነው። ይህ ውሕድ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ አሪል ሃይድሮካርቦን ተቀባይ ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይጣመራል። ፕሮቲኑም ወደ ኒውክሊየስ ይዘልቅና እንግዳውን ውሕድ የሚለውጡ ኢንዛይሞች በብዛት እንዲመረቱ ያደርጋል። ከእነዚህ ኢንዛይሞች አንዱ ሲዋይፒ1ቢ1 ይባላል። የሂደቱ ዓላማ ውሕዱን በውኃ የሚሟሟ አድርጎ ከሰውነት ማስወጣት ነው። ነገር ግን ቤንዞፓይሪን በመንገዱ ላይ ከዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅ ቅርጽ ይይዛል። የመጀመሪያው ጉዳት ይህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የሚመጣው ያው ኢንዛይም ኤስትሮጅንንም ስለሚለውጥ ነው። ሲዋይፒ1ቢ1 በኤስትሮጅን አራተኛ ካርቦን ላይ የሃይድሮክሲል ቡድን ይጨምራል፤ ውጤቱም 4-ሃይድሮክሲ ኤስትሮጅን ነው። ይህ ሲኦክሳይድ ወደ ኪኖን ይለወጣል፤ ኪኖኑም ከአዴኒንና ከጓኒን ጋር ተጣብቆ ከዲኤንኤው ሰንሰለት ይነቅላቸዋል። የተፈጠረው ክፍተት በስሕተት ሲጠገን ሚውቴሽን ይሆናል። በፊላደልፊያ በሚገኘው የፎክስ ቼዝ የካንሰር ማዕከል በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር እነዚህ የኤስትሮጅን ተረፈ ምርቶች በሳንባ ውስጥ እንደሚገኙና ለሲጋራ ጢስ መጋለጥ መጠናቸውን ከፍ እንደሚያደርገው አሳይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ በተገቢ መንገድ ሊቃወመኝ ይችላል። ሲጋራ የኤስትሮጅንን ሥራ እንደሚያዳክም በሕክምና ትምህርት ተምረናልና። የሚያጨሱ ሴቶች ከማያጨሱት በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ቀድመው ያርጣሉ፤ አጥንታቸው ይሳሳል፤ የማሕፀን ግድግዳ ካንሰርም በእነርሱ ላይ ያንሳል። ታዲያ ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? መልሱ ያለው በቦታው ላይ ነው። በጉበት ውስጥ ጢሱ የሚያበረታታው ሆርሞኑን በሁለተኛው ካርቦን ላይ የሚለውጠውን መንገድ ነው፤ የዚህ ውጤት ደካማ ኤስትሮጅን ነው። በሳንባ ውስጥ ግን ሲዋይፒ1ቢ1 ወደ አራተኛው ካርቦን ይመራዋል። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለውን የኤስትሮጅን መጠን ብቻ የለካ ተመራማሪ በሳንባ ውስጥ የሚሆነውን አያይም።

ከሰዎች የተገኘው ማስረጃ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ በተባለው የአሜሪካ ጥናት 16,608 ያረጡ ሴቶች በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን፣ ከፊሎቹ ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ሪፖርት መሠረት ከሆርሞን ወሳጆቹ 73፣ ከሌሎቹ 40 ሴቶች በሳንባ ካንሰር ሞተዋል። በበሽታው የተያዙት ቁጥር ልዩነት ግን በስታቲስቲክስ ረገድ ጉልህ አልነበረም። ይህም ሆርሞኑ በሽታውን ከመጀመር ይልቅ የነበረውን ዕጢ ያባብስ ይሆናል የሚል ግምት አሳድሯል። ኤስትሮጅንን ብቻ በወሰዱት ሴቶች ላይ ተመሳሳይ የሞት ጭማሪ አለመታየቱ ደግሞ ፍርዳችንን እንድናዘገይ ያስገድደናል፤ የፕሮጀስቲን ድርሻ ገና መመርመር አለበት። የኤስትሮጅንን ሥራ የሚገቱ መድኃኒቶችም እስካሁን የሳንባ ካንሰር መደበኛ ሕክምና አልሆኑም።

ከዚህ ሁሉ ለሐኪም የሚተርፈው ምንድን ነው? ኤስትሮጅን ያለ ጢስ የሰውነት ወዳጅ ሆርሞን ነው፤ ለአጥንትም ለደም ሥርም ያስፈልጋል። መቆም የሚቻለውና መቆም ያለበት ጢሱ ነው። ያረጠች ሴት የሆርሞን ሕክምና ስትጠይቅ «ያጨሳሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ መዘለል የለበትም።

በአገራችን ሲጋራ የሚያጨሱ ሴቶች ጥቂት ናቸው። ሆኖም እንጀራ ስትጋግር፣ ወጥ ስትሠራ ዕድሜዋን በማገዶ ጢስ ውስጥ የምታሳልፈው እናት ብዙ ናት። በዚያም ጢስ ውስጥ ቤንዞፓይሪን አለ፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም የቤት ውስጥ የማገዶ ጢስን ካንሰር የማምጣት ዕድላቸው ከፍ ካለ ነገሮች መድቦታል። ዛሬ የገለጽኩት የኢንዛይም መንገድ በእርሷ ሳንባ ውስጥም ይከፈት እንደሆነ መመርመር የሚገባው የማን ሥራ ነው? እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል አንዳችሁ ጥያቄውን ለመመረቂያ ጥናቱ ቢወስደው ንግግሬ ፍሬ አፈራ እላለሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።