ቆለጥ ላይ የወጣ እብጠት ሁሉ ካንሰር ነው?

ወንድ ልጅ ቆለጡ ላይ ጠጠር ያለ ነገር ሲዳስስ ወይ በሀፍረት ይደብቀዋል፣ ወይ «አለቀልኝ» ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ሁለቱም አይበጁም።

እርግጥ ነው፣ ከራሱ ከፍሬው ውስጥ የወጣ ጠጣር እብጠት ባያምም እንኳ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ በካንሰርነት ይጠረጠራል። ግን አልፎ አልፎ ኤፒደርሞይድ ሲስት የሚባል፣ የማይዛመት እብጠት ሆኖ ይገኛል። ከ100 የቆለጥ እጢዎች 1 ወይም 2 ቢሆን ነው። ውስጡን አይብ የመሰለ ነጭ ነገር ይሞላዋል።

ታዲያ በምን ይለያል? በዳሰሳ አይለይም። በአልትራሳውንድ ሲታይ ብዙ ጊዜ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ነው፤ ደምም አይዘዋወርበትም። በደም ምርመራ የካንሰር ጠቋሚዎቹ አይጨምሩም። ይሁንና በአንዳንድ ካንሰርም ላይጨምሩ ስለሚችሉ ይህ ብቻውን አያስተማምንም። ቁርጡ የሚታወቀው እብጠቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ከረጢቱን በመርፌ ወግቶ ናሙና መውሰድ አይመከርም፤ ካንሰር ከሆነ ሊያዛምተው ይችላል። ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ከፍቶ እብጠቱን ብቻ ያወጣና እዚያው ያስመረምራል። ካንሰር ካልሆነ ፍሬው ይተርፋል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ሳትደብቅ ቶሎ ታይ። ኦፕራሲዮን ከታዘዘልህም «ፍሬውን ማትረፍ ይቻላል ወይ?» ብለህ አስቀድመህ ጠይቅ። መጠየቅ ነውር የለውም!