ፖሊመርና ጨው የሚለዩት ፕሮቲን

ኢንዛይም ከእርሾ ወይም ከባክቴሪያ ሕዋስ ሲወጣ ብቻውን አይመጣም። ሕዋሱ ሲፈጭ የግድግዳው ስብርባሪ፣ ኒውክሊክ አሲዱና ሌሎች ፕሮቲኖች አብረው ይወጣሉ። ከዚህ ድፍርስ የሚፈለገውን ለይቶ ማውጣት ብዙ ጊዜ ከማምረቱ የበለጠ ወጪ ያስወጣል።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ዘዴ ከአንድ ትዝብት ተነሣ፦ እ.ኤ.አ. በ1896 ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ጄላቲንና አጋር ውሃ ውስጥ ቢቀላቀሉም ተለያይተው እንደሚረጉ አስተዋሉ። ነገሩን የመለያ ዘዴ ያደረጉት ግን በ1950ዎቹ ስዊድናዊው ፔር-ኦኬ አልበርትሰን ናቸው።

በዚህ ዘዴ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለው ፖሊመርና ፖታሲየም ፎስፌት የተባለው ጨው ከተወሰነ መጠን በላይ ሆነው ውሃ ባለበት ቱቦ ውስጥ ሲገናኙ ውሃው ነጣ ብሎ ይደፈርሳል። ትንሽ ሲቆይ፣ ወይም በሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከር፣ ፖሊመር የበዛበት ከላይ፣ ጨው የበዛበት ከታች ይሆናል፤ በመካከላቸው ቀጭን መስመር ይታያል። ጨው ውሃውን ወደ ራሱ ስለሚስብ ፖሊመሩ ተገፍቶ ይለያል። ሆኖም ሁለቱም ክፍሎች በአብዛኛው ውሃ ናቸው። የዘዴው ትልቁ ጸጋ፣ በእኔ እምነት፣ ይኸው ነው፦ ብዙ ኦርጋኒክ አሟሚዎች የፕሮቲኑን ቅርጽ ሲያበላሹ ይህኛው ሳይነካው ያልፋል።

ፕሮቲኑ ወደ የትኛው ክፍል ይሄዳል? የፖሊመሩ ሞለኪውል በረዘመ ቁጥር ፕሮቲኑ ወደ ታች ይገፋል። ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መጠን፣ ሲቀየር የፕሮቲኑ የኤሌክትሪክ ሙል ይቀየራል፤ ይህም የሚሄድበትን ክፍል ሊለውጥ ይችላል። የገበታ ጨው መጨመር ደግሞ ውሃን የሚሸሽ ገጽ ያላቸውን ፕሮቲኖች፣ ለምሳሌ አንቲቦዲዎችን፣ ወደ ላይኛው ክፍል ያሻግራል።

ጀርመናዊቷ ማሪያ-ሬጊና ኩላና ባልደረቦቻቸው በብራውንሽቫይግ ይህን ዘዴ ከቱቦ ወደ ትልቅ ማምረቻ አሸጋገሩት። የሕዋሱ ስብርባሪ ከታች ሲቀር ኢንዛይሙ ከላይ ይነሳል፤ ማጥለሉና የመጀመሪያው ማጥራት በአንድ ጊዜ ያልቃሉ። ከዚያ የላይኛው ክፍል ተቀድቶ ሌላ ጨው ሲጨመርበት ፕሮቲኑ ወደ አዲሱ ጨዋማ ክፍል ይሻገራል፤ ፖሊመሩም ለሌላ ዙር ይውላል።

ችግሮቹም ቀላል አይደሉም። ፕሮቲኑ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚያሰላ ንድፈ ሐሳብ ስለሌለ ለእያንዳንዱ አዲስ ፕሮቲን ብዙ ቅይጥ መሞከር ግድ ነው። ፎስፌቱም በብዛት ወደ ወንዝና ሐይቅ ሲደፋ አልጌ ያበዛል። ስለዚህ በአፈር ባክቴሪያ የሚበሰብሰውን ሲትሬት መጠቀም ተመራጭ ነው።

ለመድኃኒት የሚያስፈልገውን የመጨረሻ ንጽሕና አሁንም ክሮማቶግራፊ ይሰጣል። ከእሱ በፊት ላለው ለድፍርሱ ሥራ ግን ይህ ዘዴ ከሚሰጠው በላይ ሰፊ ቦታ ይገባዋል።