ከምቱ የሚቀድም ጣት

እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ የ16 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ፣ ክር የሌላትንና በአንገቷ ላይ አምስት ባለቀለም ቁልፎች የተደረደሩባትን የፕላስቲክ ጊታር ታጥቆ፣ ድራጎንፎርስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ በፍጥነቱ የታወቀበትን «ስሩ ዘ ፋየር ኤንድ ፍሌምስ» የተሰኘ ዘፈን ጊታር ሂሮ 3 በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ በመጫወት 840,647 ነጥብ አስቆጠረና በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፈረ፤ ጥቂት ቆይቶም ሌላ ወጣት በዚሁ ዘፈን ነጥቡን ወደ 973,954 አደረሰው። ነገሩን ከሩቅ ለሚያየው የሥራ ፈት ልጆች ፉክክር ይመስለው ይሆናል፤ የሰውን አእምሮ ለሚመረምር ሊቅ ግን በዚያች የፕላስቲክ ጊታር ላይ የሚሮጡት ጣቶች አንድ ትልቅ ጥያቄ ይዘው ይቀርባሉ፤ ይኸውም ዓይን አይቶ እጅን ከሚያዝበት ጊዜ ይልቅ ፈጥኖ የሚያልፈውን ምት ጣት በምን ጥበብ ይደርስበታል? የሚል ነው።

ይህን መሰሉ የስልተ ምት ጨዋታ በመጀመሪያ የተስፋፋው በጃፓን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 «ፓራፓ ዘ ራፐር»፣ በ1997 የኮናሚ ኩባንያ «ቢትማኒያ»፣ በ1998 ደግሞ በእግር የሚረገጠው «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን» ተከታትለው ከወጡ በኋላ፣ በ2005 «ጊታር ሂሮ» በአሜሪካ ተሠራ። የአብዛኞቹ ሥርዓት አንድ ነው፤ ምልክቶች በስክሪኑ ላይ ወደ አንድ መስመር ይጓዛሉ፣ ተጫዋቹም ምልክቱ መስመሩ ላይ በደረሰባት ቅጽበት ቁልፉን ይመታል። በጊታር ሂሮ በትክክል የተመታ አንድ ምልክት 50 ነጥብ ያስገኛል፤ ሳይስት 10 በተከታታይ ለመታ ነጥቡ እጥፍ፣ 20 ለመታ ሦስት እጥፍ፣ 30 ለመታ አራት እጥፍ ይሆንለታል፤ አንዲት ምልክት ያመለጠችው ግን የደረሰበትን ማዕረግ አጥቶ እንደገና ከታች ይጀምራል። ስታር ፓወር የሚባለው ኃይል ይህንኑ ነጥብ ዳግመኛ ስለሚያጥፈው፣ ክብረ ወሰን ፈላጊዎች ኃይሉን በዘፈኑ የትኛው ክፍል ላይ እንደሚያውሉት አስቀድመው በስሌት ይወስናሉ።

ከላይ የተጠቀሰው ዘፈን በመጨረሻው የክብደት ደረጃ 3,722 ምልክቶች አሉት፤ እነዚህም ከ7 ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ስለሚያልቁ፣ በአማካይ ለአንዲት ሰከንድ ከ8 ምልክት በላይ ይደርሳታል። ሰው ድንገት የታየውን ብርሃን አይቶ ቁልፍ ለመጫን ግን የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታልና፣ ተጫዋቹ እያንዳንዱን ምልክት ካየ በኋላ ብቻ የሚመልስ ቢሆን ኖሮ አንዱን ሳይጨርስ ሁለተኛው ባመለጠው ነበር። በኋለኞቹ የቢትማኒያ እትሞችማ ከፍተኛውን ማዕረግ የሚያሰጠው ምት ከትክክለኛው ቅጽበት ወደፊትም ወደኋላም ከ17 ሚሊሰከንድ ገደማ እንዲርቅ አይፈቀድለትም። የነርቭ ሥርዓት ተመራማሪው ካርል ላሽሊ ገና እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሙዚቀኛ ጣቶች በሰከንድ እስከ 16 ጊዜ ሊመቱ እንደሚችሉ አመልክቶ፣ አንዱ ምት የሌላውን ስሜት እየጠበቀ የሚነሣ ቢሆን ይህ ፍጥነት ሊገኝ ስለማይችል፣ የእንቅስቃሴው ቅደም ተከተል አስቀድሞ በአእምሮ የተዘጋጀ መሆን አለበት ሲል አስረድቷል።

የምሥጢሩ መጀመሪያ እንግዲህ ይህ ነው፤ አእምሮ ምትን አይከተልም፣ ይጠብቀዋል እንጂ። በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከበሮው ሲመታ የሚያጨበጭበውን ሕዝብ የተመለከተ ይህን ያውቀዋል፤ ጭብጨባው የከበሮውን ድምፅ ሰምቶ ኋላ የሚመጣ ሳይሆን ከድምፁ ጋር አብሮ የሚወድቅ ነው። በቤተ ሙከራም ሰዎች ሜትሮኖም ከሚባለው የምት መጠበቂያ መሣሪያ ድምፅ ጋር ጣታቸውን እንዲመቱ ሲታዘዙ፣ ብዙውን ጊዜ ጣታቸው ከድምፁ በጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶች ቀድሞ እንደሚያርፍ፣ ሳይታወቃቸውም እንደሚቀድሙ ተረጋግጧል። ይህን የጊዜ ልክ የሚጠብቁት፣ ከራስ ቅል በስተኋላ በታች ያለው ሴሬቤለም፣ በአንጎል ጥልቅ ክፍል ያለው ባዛል ጋንግሊያና እንቅስቃሴን የሚያዘጋጀው የአንጎል ቅርፊት በኅብረት ሆነው ነው።

ሁለተኛው ምሥጢር ብዙውን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ዊልያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ የቼዝ ሊቅ ለ5 ሰከንድ ብቻ ያየውን የእውነተኛ ጨዋታ ሰሌዳ ከጀማሪው እጅግ አብልጦ እንደሚያስታውስ፣ ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት ሲበተኑለት ግን ብልጫው እንደሚጠፋ አሳይተዋል፤ ሊቁ የሚያየው የታወቀ ቅርጽን እንጂ ነጠላ ጠጠርን አልነበረምና። የስልተ ምት ተጫዋችም እንዲሁ ጀማሪው ስምንት ምልክት በሚቆጥርበት ስፍራ እጁ የሚያውቀውን አንድ ሐረግ ያነባል። ብዙ የበረቱ ተጫዋቾች ምልክቶቹ ይበልጥ ፈጥነው እንዲወርዱ መሣሪያውን የሚያስተካክሉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የዘፈኑ ፍጥነት ሳይለወጥ ምልክቶቹ ሲፈጥኑ በመካከላቸው ያለው ርቀት ስለሚሰፋ፣ በአንድ ጊዜ በስክሪኑ ላይ የሚታዩት ጥቂት ይሆናሉ፣ ንባቡም ይጠራል።

ለረጅም ጊዜ የተጫወተ ሰው ዓይኑን ከስክሪኑ አንሥቶ ወደ ግድግዳው ሲመለከት፣ ግድግዳው ወደ ላይ የሚፈስ ይመስለዋል። ይህም ሕመም አይደለም፤ ሮበርት አዳምስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1834 በስኮትላንድ የፎየርስን ፏፏቴ ትኩር ብሎ ከተመለከተ በኋላ፣ በአጠገቡ ያለው ዐለት ሽቅብ ሲወጣ እንደታየው ጽፏል። ወደ ታች የሚሄደውን የሚለዩት የነርቭ ሕዋሳት ከብዙ ሥራ በኋላ ኃይላቸው ሲላላ፣ ተቃራኒዎቻቸው ለጥቂት ጊዜ ይበረታሉና።

ክብረ ወሰኑ በወጣቶች እጅ የሚበዛበትም ምክንያት አለ። በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስታርክራፍት 2 የተባለውን የስልት ጨዋታ የሚጫወቱ 3,305 ሰዎችን መርምረው፣ ለአዲስ ነገር ምላሽ የመስጠት ፍጥነት ከ24 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ መቀነስ እንደሚጀምር እ.ኤ.አ. በ2014 አስታውቀዋል። ነገር ግን ወጣትነት ያለ ልምምድ፣ ልምምድም ያለ ዕረፍት ፍሬ አያፈራም። እ.ኤ.አ. በ2002 በሃርቫርድ ተመራማሪዎች በወጣው ጥናት፣ ሰዎች ብዙም በማይሠሩበት እጃቸው ጣቶች 4-1-3-2-4 የሚለውን ቅደም ተከተል በተቻላቸው ፍጥነት ደጋግመው እንዲመቱ ተደርጎ ነበር፤ ሌሊቱን ከተኙ በኋላ ሌላ ልምምድ ሳይጨመርላቸው ፍጥነታቸው በ20 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ ያንኑ ያህል ሰዓት ነቅተው የቆዩት ግን የሚቆጠር መሻሻል አላሳዩም።

ስለዚህ ልጁ በጨዋታው ሲተጋ የሚያይ ወላጅ፣ ትጋቱን በከንቱ እንደጠፋ ጊዜ ብቻ አይቁጠርበት፤ የሚለማመደው ሙዚቀኛም የእጅ ባለሙያም የሚሹትን ክሂል ነውና። ነገር ግን እኩለ ሌሊት ሳይደርስ መሣሪያውን አስዘግቶ ያስተኛው፤ ልጁ ክብረ ወሰኔ ይቀርብኛል ብሎ ቢከራከር፣ ጣት የተማረውን አእምሮ የሚያጸናው በእንቅልፍ መሆኑን ይንገረው።