ሁለት ኮርድ፣ 32 ባር፦ ከሞዳል ጃዝ ፒያኖ ጋር ትውውቅ

የማይልስ ዴቪስን «ሶ ዋት» በኖታ ወረቀት ላይ ያየ ጀማሪ ፒያኒስት መጀመሪያ የሚሰማው እፎይታ ነው። ኮርዶቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ሬ ማይነር 16 ባር ይቆያል፣ ሚ ፍላት ማይነር 8 ባር ይከተላል፣ ሬ ማይነር ለ8 ባር ይመለስና ዙሩ ያልቃል። ኮርድ በየሁለት ምቱ በሚለዋወጥባቸው ዘፈኖች ጣቱ ሲተሳሰር የከረመ ተማሪ «ይቺማ ምን አላት!» ብሎ ይጀምራል። ሁለት ዙር ሳይጨርስ የሚጫወተው ያልቅበታል። ስኬሉን ወጥቶ ወርዶታል፣ የሚያውቀውን ጌጥ ሁሉ አሳይቷል፣ ኮርዱ ግን አሁንም ያው ሬ ማይነር ነው።

ሞዳል ጃዝ የሚባለው አጨዋወት እንዲህ ያለ ነው። ኮርድ እያሳደዱ ከመሮጥ ይልቅ አንድ ስኬል ላይ ረጋ ብሎ መቀመጥ፣ ሶሎውንም ከዚያው ስኬል ውስጥ እየፈጠሩ መቀጠል። ስልቱን ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ማየት ይጠቅማል። በ1940ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊለስፒ ያስፋፉት ቢባፕ ኮርዶችን በፍጥነት ያከታትላል። እያንዳንዱ ኮርድ ወደ ቀጣዩ ይጎትታል። ተጫዋቹ የየኮርዱን ኖታ በሰዓቱ እየረገጠ ከተከተለ፣ የራሱ ሐሳብ ባይኖረው እንኳ ሶሎው የሆነ ቦታ የሚሄድ ይመስላል። ሞዳል ዜማ ላይ ይህ ውለታ የለም። የሚገፋህ ኮርድ ስለሌለ ሶሎው የሚሄደው አንተ ከወሰድከው ብቻ ነው።

ነገሩ በአንድ ሌሊት አልመጣም። አቀናባሪው ጆርጅ ራስል ስኬልን የኮርድ መሠረት አድርጎ የሚያይ የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ በ1953 አውጥቶ ነበር። ከራስል ጋር ይሠራ የነበረው ፒያኒስት ቢል ኤቫንስ በ1958 ወደ ማይልስ ዴቪስ ቡድን ገባ። ማይልስ በዚያው ዓመት «ማይልስቶንስ» በተባለው ዜማ ስልቱን ሞከረውና በማርች 2 እና በኤፕሪል 22 ቀን 1959 ኒው ዮርክ 30ኛው መንገድ ላይ በነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን ቀረጸ። ስቱዲዮው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ሕንፃ ነው። ከማይልስ ጥሩምባ ጋር ጆን ኮልትሬይንና ካነንቦል አደርሊ በሳክስፎን፣ ኤቫንስ በፒያኖ፣ ፖል ቼምበርስ በቤዝ፣ ጂሚ ኮብ በድራም ነበሩ፤ በአንዱ ዜማ ላይ ብቻ ዊንተን ኬሊ ፒያኖውን ተረከበ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኮልትሬይን ወደ ሌላ ስቱዲዮ ሄዶ «ጃየንት ስቴፕስ»ን ቀረጸ፤ ኮርድ በኮርድ ላይ የሚጋልብበት፣ የፒያኒስቱ የቶሚ ፍላናጋን ጣቶች እንኳ ለመድረስ ሲቸገሩ የሚሰማበት ዜማ ነው። አንድ ሰው በአንድ ወቅት ሁለቱንም መንገድ እስከ ዳር ሄዶባቸዋል። ስለዚህ ሞዳል አጨዋወት ኮርድ ያቃተው ሰው መሸሸጊያ ነው የሚለውን ወሬ አትስሙ።

አሁን ወደ ቁልፎቹ እንምጣ። የ«ሶ ዋት» አሠራር ፒያኖ ላይ በዓይን ይታያል። ከሬ ተነሥቶ እስከ ቀጣዩ ሬ ነጮቹን ቁልፎች ብቻ የረገጠ ሰው ሬ ዶሪያንን ተጫወተ ማለት ነው፦ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ከተለመደው ሬ ማይነር የሚለየው ስድስተኛው ኖታ ነው፤ እዚያ ሲ ፍላት የነበረው እዚህ ሙሉ ሲ ሆኗል። የማይነሩን ክብደት ቀለል የምታደርገው፣ ዶሪያንን ዶሪያን የምታሰኘው ይህች ኖታ ናት። ወደ ሚ ፍላት ዶሪያን ሲኬድ ደግሞ አምስቱም ጥቁሮች ይገባሉ፤ ከነጮቹ የሚቀሩት ፋ እና ዶ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ስኬሎች የሚጋሩትም እነዚሁን ሁለቱን ነው፣ ሌላ የላቸውም።

ይህን ያወቀ ተማሪ ትልቅ ነገር አገኘ። ከ16ኛው ባር ወደ 17ኛው ሲሻገር ጣቱ ፋ ላይ ከሆነ ማንሣት አያስፈልገውም። ሬ ማይነር ላይ ሦስተኛ የነበረችው ፋ ሚ ፍላት ማይነር ላይ ዘጠነኛ ትሆናለች፤ ቁልፉ ያው ነው፣ ቀለሙ ግን ይለወጣል። ከግራ እጅ የሚመጣው ሁሉ ግማሽ ደረጃ ከፍ ሲል ቀኝ እጅ አንዲት ኖታ ይዞ ሲጠብቅ የሚፈጠረው ስሜት፣ እንደ እኔ ግምት፣ ጀማሪ በራሱ እጅ ሊሠራቸው ከሚችሉ ውብ ነገሮች አንዱ ነው። ብዙ መምህራን ሁለቱን ስኬሎች በየፊናቸው አስጠንተው መሻገሪያውን ለተማሪው ዕድል ይተዉታል። እኔ ብሆን ከመሻገሪያው እጀምር ነበር።

የግራ እጅ ነገር ከቢል ኤቫንስ ይወሰዳል። «ሶ ዋት» ላይ ቤዙ ዜማውን ያወጣል፣ ፒያኖው በሁለት ኮርድ ይመልሳል፤ እንደ አቀንቃኝና ተቀባይ ናቸው። የመጀመሪያው ኮርድ ከታች ወደ ላይ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ሁለተኛው ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ ፋ፣ ላ። ታችኞቹ አራት ኖታዎች አንዱ ከሌላው በአራተኛ ርቀት ተደርድረዋል፣ አናት ላይ ብቻ ሜጀር ሦስተኛ አለ። የተለመደው ኮርድ በሦስተኛ ርቀት ስለሚደረደር «እኔ እንዲህ ነኝ፣ ቀጥሎ ወዲያ ልሂድ» ይላል። በአራተኛ የተደረደረው ግን ወደየትም አይጎትትም። አንድ ቦታ ላይ 16 ባር ለሚቆይ ሰው የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ኮርድ ነው። አምስቱንም ኖታ በሁለት እጅ ይዞ በነጮቹ ላይ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ፣ ቀጥሎም ሁሉንም ወደ ሚ ፍላት ማዛወር ጥሩ ልምምድ ነው።

ይህን አደራደር ወደ ኃይለኛ ቋንቋ የለወጠው በ1960ዎቹ የኮልትሬይን ፒያኒስት የነበረው ማኮይ ታይነር ነው። ታይነር በግራ እጁ ከታች ሬ እና ላን አንድ ላይ ደወል አስመስሎ ይመታና ወዲያው ወደ መካከል ወጥቶ በአራተኛ የተደረደሩትን ኮርዶች ይደረድራል። የታችኛው ድምፅ ቤቱ የት እንደሆነ ስለሚያስታውስ ከላይ ያለው እጅ እንደልቡ ሊርቅ ይችላል። ኤቫንስ ግን የተገላቢጦሹ ነው። በ«ሶ ዋት» ሶሎው አንድ ዙር ብቻ ይወስዳል፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከኋላው ያችኑ ሁለት ድምፅ ሲመልሱለት እርሱ ጠባብ ጠባብ ኮርዶችን እየጣለ ብዙ ዝም ይላል። በሸክላው ሽፋን ላይ በጻፈው ማስታወሻ ይህን ዓይነት ፈጠራ በስስ ወረቀት ላይ በቀለም ከሚሣል የጃፓን ሥዕል ጋር አመሳስሎታል፤ ብሩሹ ካመነታ ወረቀቱ ይቀደዳል።

ቀኝ እጅስ? እዚህ ላይ የስኬል መጻሕፍት ብዙ ሰው ያሳስታሉ። ሰባቱ ኖታዎች ሁሉም ልክ ስለሆኑ ተማሪው ሁሉንም ይጫወታቸዋል፤ ስህተት የለበትም፣ ወሬም የለበትም። የማይልስ ሶሎ መድኃኒቱ ነው። ሁለት ዙር ነው፣ ፍጥነቱ መካከለኛ ስለሆነ አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ማንም ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ በአፉ ሊያዜመው ይችላል። አጭር ሐረግ ይላል፣ ያርፋል፣ ያንኑ ሐረግ ጥቂት ለውጦ ይደግማል። ሶሎውን የሚያንቀሳቅሱት ምቱና ዕረፍቱ ናቸው። እርሱን መከተል የሚፈልግ ተማሪ ሦስት ኖታ ይምረጥ፣ ለምሳሌ ሬ፣ ፋ እና ሶል፤ አንድ ሙሉ ዙር በእነርሱ ብቻ ይጫወት፤ ሁለት ባር ተናግሮ ሁለት ባር ዝም ይበል። መጀመሪያ ያሳፍራል። ሦስቱ ኖታዎች በምት ብቻ ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ ሲገባው ግን አራተኛውን ለመጨመር አይቸኩልም።

ሌላው ወጥመድ መጥፋት ነው። የዙሩ የመጨረሻ 8 ባር ሬ ማይነር ነው፤ የቀጣዩ ዙር የመጀመሪያ 16 ባርም ሬ ማይነር ነው። በድምሩ 24 ባር ምንም ሳይለወጥ ያልፋል። እዚህ መካከል «የት ነን?» ያላለ ፒያኒስት የለም። በጣት መቁጠር አያዛልቅም፤ ሶሎውንም ያደርቀዋል። የሚሻለው 8 ባርን እንደ አንድ ትንፋሽ መልመድ ነው፦ ሜትሮኖሙን ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ብቻ አድርጎ፣ ቤዙ በየ8 ባሩ መግቢያ ላይ ሬን ሲረግጥ እያደመጡ፣ ድራመሩ ክፍሉን የሚዘጋበትን ምልክት እየጠበቁ። ስልክ ላይ ቀርጾ ራስን መስማትም ሰው ከሚገምተው በላይ ያስተምራል።

ለአማርኛ አንባቢ ግን አንድ የምሥራች አለ። በሬ ዶሪያን ነጭ ቁልፎች ውስጥ ሦስት ትዝታ ሜጀር ተቀምጧል፦ ከዶ (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ)፣ ከፋ (ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ) እና ከሶል (ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ)። ከሬ የሚነሣው ባቲ ማይነርም (ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ) እዚያው አለ፤ አምባሰልን እንኳ ከሚ ብትነሡ ታገኙታላችሁ። አንቺሆዬ ግን በነጮቹ ብቻ አይገኝም። የአሜሪካ የጃዝ ተማሪ «ፔንታቶኒክ» እያለ ከመጽሐፍ የሚያጠናውን የእኛ ጆሮ ከሠርግ ቤት ይዞት መጥቷል። አንድ ቅኝት ላይ ለረጅም ጊዜ መቆየትም ለማሲንቆ አድማጭ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጥንቃቄው ሁለት ነው። ትዝታውን ከዶ ጀምሮ ዶ ላይ የሚያሳርፍ ተጫዋች ከሬ ቤት ወጥቷል፤ ሐረጉ ሬ፣ ፋ ወይም ላ ላይ ማረፍ አለበት። ከሦስቱ ትዝታዎች ደግሞ ሲ ያለችው በሶል ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው። በለመደው ባቲ ብቻ የሚኖር ሰው ያችን ዋና ኖታ ሳይነካት ያድራል። ከባቲ ወደ ሶል ትዝታ መውጣትና መመለስ መቻል ለኢትዮጵያዊ ፒያኒስት የዶሪያን ግማሽ ትምህርት ነው።

በ1943 ጅማ የተወለደውና በቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ የነበረው ሙላቱ አስታጥቄ ከዚሁ ዝምድና ነው ኢትዮ ጃዝን የሠራው። አምስት ኖታ ያላቸውን ቅኝቶች በዐሥራ ሁለቱ ኖታዎች ላይ ከቆመው የጃዝ ሃርመኒ ጋር ሲያጋባ ቅኝቱ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ነበረበት፤ ዝም ብሎ የምዕራብ ኮርድ ከስሩ ያነጠፈ ሰው ትዝታን ወደ ተራ ሜጀር ይለውጠዋል። የ1972ቱን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የሰማ ሰው ቤዙ አንድ ሐረግ ላይ ሲመላለስ፣ ከላይ ያሉት መሣሪያዎች ደግሞ ቅኝቱን ሳይለቁ ሲንቀሳቀሱ ያስተውላል። ከቅርብ ጊዜዎቹ ፒያኒስቶች ሳሙኤል ይርጋ በ2012 ባወጣው «ጉዞ» ላይ ምን እንዳደረገ መስማትም ይጠቅማል።

ከ«ሶ ዋት» በኋላ የት ይኬዳል? የፒያኒስቱ የሄርቢ ሃንኮክ «ካንታሎፕ አይላንድ» 16 ባር ብቻ ነው፣ ኮርዱም በየ4 ባሩ ስለሚለወጥ መጥፋት ይከብዳል፤ እንዲያውም ለፍጹም ጀማሪ ከ«ሶ ዋት» በፊት ቢመጣ ይሻላል ባይ ነኝ። የእርሱው «ሜይደን ቮዬጅ» በ1965 የወጣ ሲሆን የማይወስኑ፣ የተንጠለጠሉ ኮርዶችን ያስተምራል። የኮልትሬይን «ኢምፕሬሽንስ» ቅርጹ ከ«ሶ ዋት» ጋር አንድ ነው፣ ፍጥነቱ ግን ያስደነግጣል፤ ለወደፊት ይቆይ። ከስኬሉ ሆን ብሎ ግማሽ ደረጃ ወጥቶ መመለስም እንዲሁ። ታይነር ሲወጣ የሚያምረው ምቱ ስለማይናወጥ ነው፤ ምት ያልያዘ ሰው ሲወጣ የተሳሳተ ብቻ ይመስላል።

ኪቦርድ ቤቱ ያለ ሰው ዛሬ ሊጀምር ይችላል፤ ነጮቹ ቁልፎች ይበቁታል። ግን አደራ፣ መጀመሪያ የማይልስን ሁለት ዙር ሳትሳሳቱ በአፋችሁ አዚሙ፤ ፒያኖውን ከዚያ ክፈቱ።